ልብን ወረቀት ላይ ያስጻፈው ሰው

ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አብረውት የመጡት ሰዎች ሁሉ የየራሳቸው ምርመራ አላቸው። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል፤ ሌላው ብርድ መትቶት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ጭንቀት ነው፣ ትንሽ ይረፍ ብሎ ይመክራል። ታማሚው ራሱ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል እንደከበደው ብቻ ነው።

ነርሷ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አትጠብቅም። ሸሚዙን ታስወልቀውና ደረቱ ላይ፣ እጆቹና እግሮቹ ላይ ትናንሽ ነገሮች ለጥፋ ገመድ ታያይዛለች። ወዲያው ማሽኑ ወጣ ገባ የሚል መስመር ያለበት ወረቀት ያወጣል። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ ያያል። በዚያች ዝምታ ውስጥ የአንድ ሰው ሕይወት ሊወሰን ይችላል።

ይህ ምርመራ ኢሲጂ ይባላል። አንዳንዱ ኢኬጂ ይለዋል፤ ያው ነው፣ ኢኬጂ የሚለው ከጀርመንኛው አጻጻፍ የመጣ ነው። የሕክምና መመሪያዎች የደረት ሕመም ይዞት የመጣ ሰው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቶ በሐኪም መታየት አለበት ይላሉ። አሥር ደቂቃ! ምክንያቱም ሕመሙ ከልብ የመጣ ከሆነ እያንዳንዷ የምታልፍ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ይዛ ነው የምትሄደው።

ታዲያ ይህን ወረቀት ማን ሰጠን? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው። ስሙ ዊለም አይንትሆቨን ይባላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ስም የነበረው፣ መመርመሪያ ያልነበረው ሕመም

ከአይንትሆቨን በፊት የነበረውን ነገር ካላየን የሠራው ሥራ አይገባንም።

በ1768 ዊልያም ሄበርደን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ የሚገርም ሕመም ገለጸላቸው። ሰውየው ሲራመድ፣ በተለይ ዳገት ሲወጣ፣ ደግሞም ከምግብ በኋላ ከሆነ፣ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል። ሲቆም ይተወዋል። ዛሬም ሐኪሞች ስለ ደረት ሕመም ሲጠይቁ መቼ ጀመረህ፣ ስትንቀሳቀስ ይብሳል ወይ፣ ስታርፍ ይተውሃል ወይ የሚሉት ያንኑ የሄበርደንን መንገድ ተከትለው ነው። ሄበርደን ለሕመሙ ስም ሰጠው፤ መንስኤው ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበብ መሆኑን ግን አልደረሰበትም።

በዚያው ዘመን ጆን ሀንተር የሚባል ስመ ጥር የለንደን ቀዶ ሐኪም ይኸው ሕመም ነበረበት። ሀንተር ቁጡ ሰው ነበር፤ በተናደደ ቁጥር ደረቱን ያመዋል። በ1793 በሚሠራበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ከዚያው ሳይመለስ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ የደም ሥሮች ደርቀው ተገኙ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መልሱ የተገኘው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሐኪሞች ስለ ልብ በእርግጠኝነት የሚያውቁት አስከሬን ከፍተው ነበር። በ1816 ፈረንሳዊው ላኔክ ማዳመጫውን ፈለሰፈ፤ ትልቅ እመርታ ነበር። ግን የደም ሥሯ የተዘጋባት ልብ በጆሮ ስትደመጥ ደህና ልትመስል ትችላለች። ሐኪሙ የነበረው ጆሮው፣ እጁና የታማሚው ወሬ ብቻ ነበር። ያልነበረው ልብ ራሷ የምትናገርበት መንገድ ነው።

ከጃቫ የመጣው ልጅ

ዊለም አይንትሆቨን በግንቦት 1860 ሴማራንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሴማራንግ ያለችው ጃቫ ደሴት ላይ ነው፤ ዛሬ ኢንዶኔዥያ የምንለው አገር ያኔ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር ነበር። አባቱ የጦር ሐኪም ነበሩ። ስድስት ልጆች ካፈሩ በኋላ ዊለም ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ሞቱ።

እናቱ በ1870 ስድስቱንም ልጆች ይዘው በመርከብ ወደ ሆላንድ ተመለሱና ዩትሬክት ከተማ ተቀመጡ። ሙቀት የለመደ የአሥር ዓመት ልጅ ድንገት ብርድና ዝናብ ወዳለበት አገር መጣ ማለት ነው። ዊለም ሕክምና መማር የጀመረው የአባቱን ፈለግ ሊከተል፣ ተመልሶም እዚያው በቅኝ ግዛቱ ሐኪም ሊሆን አስቦ ነበር።

ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያፈጥ ዓይነት ልጅ እንዳይመስላችሁ። ስፖርት ይወዳል። ጂምናስቲክ ይሠራል፣ በሰይፍ ይጋጠማል፣ ጀልባ ይቀዝፋል። የዩትሬክት ተማሪዎች የጀልባ ቀዘፋ ክለብን ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው። አንድ ቀን ጂምናስቲክ ሲሠራ ወድቆ የእጁን አንጓ ሰበረ። ሌላው ሰው ቢሆን ተኝቶ ዕድሉን ያማርር ነበር። እሱ ግን በዚያ ሰበብ እጅ እንዴት እንደሚዞር፣ የክርንና የትከሻ መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ጀመረና ጽሑፍ አሳተመ። የገጠመውን ችግር ወደ ጥያቄ መቀየር እስከ መጨረሻው አብሮት የኖረ ባሕርይ ነው።

በ1885 የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዓይን ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ ጥቁር መደብ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጽሑፍ ጎን ለጎን አይታችሁ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ የሆነ መስሏችሁ አያውቅም? እሱ ያጠናው ያንን ነው። ሥራው መምህራኑን ስላስደነቀ በዚያው ዓመት፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ጃቫም ቀረ። ቀሪ ሕይወቱን ያሳለፈው ላይደን ውስጥ ነው። በ1886 አገባ፤ አራት ልጆችም ወለደ።

ጂሚ የሚባለው ውሻ

ልብ ስትመታ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንደምታመነጭ ሳይንቲስቶች በእንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ ያውቁ ነበር። ግን የእንስሳውን ደረት ከፍተው ነበር የሚለኩት። ደረቱን ሳይከፍቱ፣ ከውጭ ሆኖ፣ ከሰው ልብ ኤሌክትሪክ በመለካት ቀዳሚው በለንደን ይሠራ የነበረው ኦገስተስ ዎለር ነው። ዓመቱም 1887 ነበር።

ዎለር ጂሚ የሚባል ቡልዶግ ውሻ ነበረው። ውሻውን ያቆመውና እግሮቹን ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ያስነክረዋል፤ ውኃው ኤሌክትሪኩን ወደ መለኪያው ያስተላልፋል። ጂሚ ጸጥ ብሎ ይቆም ነበርና ታዋቂ ሆነ። በ1909 ዎለር ለሕዝብ ሲያሳየው ውሻው ተሠቃይቷል የሚል ቅሬታ ተነሥቶ ጉዳዩ የእንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ደርሷል። ደግነቱ ጂሚ ውኃ ውስጥ ከመቆም ሌላ የደረሰበት ነገር የለም።

በ1889 ዎለር ይህን ሙከራ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በተደረገ የፊዚዮሎጂ ጉባኤ ላይ አሳየ። ከተመልካቾቹ መካከል ወጣቱ አይንትሆቨን ነበረ።

ሁለቱ ሰዎች ያዩት አንድ ነገር ነው። ያሰቡት ግን ለየቅል ነው። ዎለር ይህ ነገር አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ በሰፊው ይጠቅማል ብሎ ብዙም አልገመተም። እውነቱን ለመናገር ለጥርጣሬው ምክንያት ነበረው። መለኪያው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ሜርኩሪው ከፍ ዝቅ ይላል። ሜርኩሪ ግን ከባድ ነው፣ ይዘገያል። ልብ ደግሞ አትጠብቅም። ስለዚህ የሚወጣው መስመር የልብን እንቅስቃሴ የሚያሳየው ተዛብቶ ነው።

አይንትሆቨን ወደ ላይደን ተመልሶ ዓመታት ከዚህ ችግር ጋር ታገለ። የላቦራቶሪው ሕንፃ የቆመው ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ አጠገብ ነበር። የፈረስ ጋሪ ባለፈ ቁጥር መሣሪያው ይንቀጠቀጥና ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ሜርኩሪው የሚያዛባውን በሒሳብ እያረመ ትክክለኛው የልብ መስመር ምን መምሰል እንዳለበት ቀመረ።

በ1895 የተስተካከለውን መስመር ሲያሳትም ለአምስቱ ወጣ ገባዎች ስም አወጣላቸው፦ ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ። ለምን ከኤ አልጀመረም? ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲን ላልታረመው መስመር ተጠቅሞባቸው ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ እንዳይምታቱ ለአዲሱ መስመር ሌሎች ፊደላት መረጠ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ፣ አዲስ አበባም ይማር ቶኪዮ፣ እነዚያኑ አምስት ፊደላት ያጠናል።

ከፀጉር የቀጠነ ክር

ይሁን እንጂ እያንዳንዱን የልብ ምት በሒሳብ እያረሙ ሰው ማከም አይቻልም። ታማሚው ደረቱን ይዞ እያቃሰተ ሐኪሙ ሒሳብ ሊሠራ ነው? መሣሪያው ራሱ ትክክለኛውን መስመር መሣል አለበት።

ፈተናውን በቁጥር እንየው። ልብ የምታመነጨው ኤሌክትሪክ ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው፤ ማለትም ከልብ ኤሌክትሪክ 1,500 ጊዜ ይበልጣል። ያኔ የኤሌክትሪክን ምልክት የሚያጎላ ነገር ገና አልነበረም። ታዲያ ይህችን ትንሽ ነገር ምን ያንቀሳቅሳታል?

የአይንትሆቨን መልስ ክር ነበር። ኳርትዝ የሚባለውን ማዕድን በእሳት ያቀልጡታል። የቀለጠውን ቀስት ላይ ያስሩና ያስወነጭፉታል። ቀስቱ ሲበር ኳርትዙ ተስቦ ተስቦ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ክር ይሆናል፤ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ። ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ክሩን ብር ይቀቡታል። ከዚያ በኃይለኛ ማግኔት መካከል ይወጥሩታል። የልብ ኤሌክትሪክ በክሩ ሲያልፍ ማግኔቱ ክሩን ይገፋዋል፤ ክሩ በጣም ቀላል ስለሆነ ሳይዘገይ ይንቀሳቀሳል። ብርሃን በማይክሮስኮፕ አልፎ የክሩን ጥላ በሚንቀሳቀስ የፎቶ ሰሌዳ ላይ ይጥለዋል። በቃ፣ ልብ ጻፈች ማለት ነው።

በ1901 መሣሪያውን ለዓለም አስተዋወቀ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም የሰው ልብ መስመሮችን አሳተመ። የሚገርመው ክሩ ዓይን የማይሞላ ሆኖ መሣሪያው ግን ጭራቅ ነበር። 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ክፍል ይይዛል፣ ለማንቀሳቀስ አምስት ሰው ይፈልጋል። ማግኔቱ ስለሚግል በውኃ ይቀዘቅዛል። ታማሚው ደግሞ ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን ጨው ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል።

አይንትሆቨን የወረቀቱንም ልክ ወሰነ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር፣ ቁመቱም ለአንድ ሚሊቮልት አንድ ሴንቲሜትር። ዛሬ የትኛውም ሆስፒታል ገብታችሁ ኢሲጂ ብትነሡ የወረቀቱ ጫፍ ላይ እነዚህን ልኮች ታገኛላችሁ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ልኩ ግን ያው የእሱ ነው።

በስልክ የሄደ የልብ ምት

አሁን ደግሞ ለእናንተ ለስልክ ትውልድ የሚሆን ነገር ላምጣ።

መሣሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ ታማሚዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ናቸው። በመካከሉ 1.5 ኪሎ ሜትር አለ። 270 ኪሎ የሚመዝን ማግኔት ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል መሄድ አይቻል፤ የልብ ሕመምተኛም ተሸክሞ ማምጣት አይቻል። አይንትሆቨን ምን አደረገ? ሆስፒታሉንና ላቦራቶሪውን በስልክ ገመድ አገናኛቸው። ታማሚው አልጋው አጠገብ እጁን ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ የልቡ መስመር እዚያ ማዶ ይሣላል።

በመጋቢት 1905 የመጀመሪያው የተላከለት የአንድ ጤነኛ ጠንካራ ሰው የልብ መስመር ነበር። ከመስመሩ አንዱ ወጣ ገባ፣ አር የሚባለው፣ ከተጠበቀው በላይ ረዘመ። ምክንያቱ ምን ተባለ መሰላችሁ? ሰውየው ለሙከራው ከላቦራቶሪው ወደ ሆስፒታሉ የሄደው በብስክሌት ነው።

ዛሬ ቴሌሜዲስን እያልን እንደ አዲስ ነገር የምናወራው ከ100 ዓመት በፊት የተጀመረ ነው። በዚህ ገመድ የብዙ ታማሚዎችን ልብ አየ፤ የተዛባ ምት፣ የወፈረ ልብ፣ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ያልተናበበበት ልብ። በ1906 እና በ1908 ያሳተማቸው ጽሑፎች ለልብ ሕክምና እንደ ካርታ ሆኑ። ከእጅ እጅ፣ ከእጅ እግር የሚወሰዱት ሦስቱ ዕይታዎች በልብ ዙሪያ ሦስት ማዕዘን እንደሚሠሩም ገለጸ። ያ ሦስት ማዕዘን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

መሣሪያውን ከላቦራቶሪ አውጥቶ ወደ ገበያ ማድረስ ግን ሌላ ራስ ምታት ነበር። አንድ የጀርመን ፋብሪካ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን ሊከፍለው ተስማምቶ ነበር፤ ቆይቶ መክፈሉን አቆመ። በኋላ የእንግሊዙ ካምብሪጅ ሳይንቲፊክ ኢንስትሩመንት ኩባንያ ሥራውን ያዘው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ሆራስ ዳርዊን ነበር፤ የታዋቂው ቻርልስ ዳርዊን ልጅ። ጭራቁ መሣሪያ ቀስ በቀስ እያነሰ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆነ።

ወረቀቱና የደረት ሕመሙ ሲገናኙ

እስካሁን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ አይንትሆቨን የደረት ሕመምን ሊፈታ አልተነሣም። እሱ የፈለገው ልብን በትክክል መለካት ነው። የደረት ሕመም መልስ የመጣው የእሱን ወረቀት ከተቀበሉ ሌሎች ሰዎች ነው።

ለንደን ውስጥ ቶማስ ሌዊስ የሚባል ወጣት ሐኪም መሣሪያውን ታማሚዎች አጠገብ ወስዶ የልብ ምት መዛባትን አንድ በአንድ ለየ። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ጄምስ ሄሪክ በ1912 አንድ ደፋር ሐሳብ ጻፈ። በዚያን ዘመን የልብ የደም ሥር በድንገት ከተዘጋ ሰውየው ወዲያው ይሞታል ተብሎ ይታመን ነበር። ሄሪክ የለም፣ ሰው ከዚህ ሊተርፍ ይችላል፤ በሕይወት እያለም ልናውቀው እንችላለን አለ። ሰሚ አላገኘም። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም በዓይን የሚታይ ማስረጃ አልነበረውም።

ማስረጃው የመጣው በአይንትሆቨን መስመር ነው። ሄሪክና ባልደረባው የልብ የደም ሥር ሲዘጋ የኢሲጂው መስመር እንደሚለወጥ አሳዩ። በ1920 ኒውዮርክ ውስጥ ሃሮልድ ፓርዲ የሚባል ሐኪም የደም ሥሩ የተዘጋበትን ታማሚ ኢሲጂ አሳተመ፤ በኤስና በቲ መካከል ያለው ቁራጭ ከቦታው ተነሥቶ ታየ። ዛሬ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ያ ቁራጭ ከፍ ብሎ ከተገኘ የደም ሥሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ መከፈት አለበት፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ ማለት ነው።

ከሄበርደን ንግግር እስከ ፓርዲ ወረቀት 152 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ደረቱን ይዞ የመጣ ሰው ልቡ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በሕይወት ሳለ በእርግጠኝነት ማወቅ አስቸጋሪ ነበር።

የሽልማቱ ገንዘብ

በ1924 አይንትሆቨን የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ለብቻው አሸነፈ። ዜናው የደረሰው አሜሪካ ውስጥ እየተዘዋወረ ንግግር ሲያደርግ ነው። ሽልማቱን ተቀብሎ ባደረገው ንግግር ላይ የቶማስ ሌዊስን ሥራ አመሰገነ፤ ኢሲጂ ለሕክምና እንዲበቃ ያደረጉት ሌሎችም መሆናቸውን አልደበቀም።

ስለ እሱ የጻፉ ሰዎች የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። መሣሪያውን ሲሠራ ለዓመታት አብሮት የለፋ አንድ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሽልማቱ ሲመጣ አይንትሆቨን ገንዘቡን ሊያካፍለው ፈልጎ አፈላለገው። ሰውየው ሞቷል። ዘመድ የለውም ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሁለት እህቶች እንዳሉት ሰማ፤ በድጋፍ በሚኖሩበት ቤት ነበሩ። ሄዶ የሽልማቱን ግማሽ ሰጣቸው ይላሉ።

ይህን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ክሩን ያቀለጠው፣ ማግኔቱን ያቆመው፣ ውኃውን የቀዳው ሰው ስም በየትምህርት ቤቱ አይጠራም። ማዕዘኑም ሕጉም የአይንትሆቨን ነው የሚባለው። እሱ ግን ባለዕዳ መሆኑን ያወቀ ይመስላል።

አይንትሆቨን በ1927 መስከረም ወር መጨረሻ ላይደን ውስጥ በ67 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። ወንድ ልጁ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆኖ የአባቱን ክር ለሬዲዮ ግንኙነት ተጠቀመበት፤ ጃቫንና ሆላንድን በሬዲዮ በማገናኘት ሥራ ላይ ተሳተፈ። አባት በልጅነቱ ትቷት የመጣትን ደሴት ልጅ ተመልሶ አገኛት። ዕድል ግን ከፋችበት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓኖች ተይዞ በ1945 በእስር ላይ ሳለ ሞተ።

እኛስ?

በ1930ዎቹ ፍራንክ ዊልሰን ደረት ላይ የሚለጠፉትን ጨመረ፤ በ1942 ኢማኑኤል ጎልድበርገር ሦስት ዕይታ አከለ። ዛሬ ኢሲጂ ልብን ከ12 አቅጣጫ ያያል። ከነዚህ ሦስቱ አይንትሆቨን የተወልን ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ እጃችሁ ላይ ያለው ስማርት ሰዓት ኢሲጂ ያነሣል። ሰዓቱ ግራ እጅ ላይ፣ የቀኝ እጅ ጣት ሰዓቱ ላይ። ያ የአይንትሆቨን አንደኛው ዕይታ ነው፤ ከግራ እጅ ቀኝ እጅ። ሁለት ክፍል የሞላው ጭራቅ አንጓ ላይ ታሠረ ማለት ነው። ግን አንድ ነገር አደራ፦ ሰዓቱ የሚያየው ከ12ቱ አንዱን ብቻ ነው። የልብ ምት መዛባትን ሊጠቁም ይችላል፤ ሃርት አታክን ግን አያውቅም። ደረታችሁን እያመማችሁ ሰዓቱ ደህና ነው ስላለ ቤት አትቀመጡ።

የሆስፒታሉም ወረቀት ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና መስሎ ሃርት አታኩ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ምርመራውን የሚደግሙት። ለዚህ ነው ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ የሚያዙት፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ንጥረ ነገር ነው፣ ጊዜ ስለሚወስድ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይለካል። ታማሚው አሁን ደህና ነኝ፣ ልሂድ ሲል ትንሽ ቆይ የሚሉት ሊያስከፍሉት አይደለም።

ከወረቀቱም ከደሙም በፊት ግን ያው የድሮው የሄበርደን ጥያቄ አለ። ምን ይሰማሃል? የት ይሄዳል? ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ? ላብ አለው? ትንፋሽ ያጥራል? ሴቶች፣ ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ደረታቸውን ብዙም ሳያማቸው ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም የትንፋሽ እጥረት ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ስለ ሲጋራና ስለ ጫትም ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊፈርድባችሁ አይደለም። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ጫት መቃምን ከሃርት አታክ ጋር አያይዘውታል።

ደግሞ ሁሉም የደረት ሕመም ልብ አይደለም። ቃር አለ፣ ጡንቻ አለ፣ ጭንቀት አለ። በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። የሳንባ የደም ሥር መዘጋት ወይም የሳንባ አየር መፍሰስ ግን በወጣትም ላይ ይደርሳል፣ ይገድላልም። ልዩነቱን ቤት ተቀምጦ መገመት ከ1920 በፊት ወደነበረው ዘመን መመለስ ነው። ያኔ ሰው የሚገምተው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው። እኛ ግን ምርጫ አለን።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይዘው ቆም ካሉ፣ አርፈውም ጨጓራዬ ነው ካሉ፣ እሺ ብላችሁ አትለፉ። ይዛችኋቸው ሂዱ። ድንገት ይዞ አልለቅ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ነርሷ ቀዝቃዛውን ነገር ስትለጥፍ፣ ማሽኑ ወረቀቱን ሲያወጣ፣ ያንን መስመር ለማግኘት ዓመታት ከፈረስ ጋሪ ንዝረት ጋር የታገለውን ሰውዬ አስታውሱት። አጠገቡ ክሩን ሲወጥር የነበረውን ያንን ስሙ የማይጠራ ሰውም ጭምር።